25 ዲቢው የት ገባ? ከፋይበር ወደ ቺፕ በሌንስ ብርሃን ስለማስገባት

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ሰውም እንዲከታተለን መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ብርሃንን በቀጭን መስመር የሚመራ፣ 1 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው የሲልከን ናይትራይድ ቺፕ አለሽ። የምትሠሪው በ1550 ናኖሜትር ሌዘር ነው። ከተራው ሲንግል ሞድ ፋይበር የሚወጣውን ብርሃን በአንድ ሌንስ ቀጥ ታደርጊዋለሽ፣ በሁለተኛው ሌንስ ቺፑ ጠርዝ ላይ ታሳርፊዋለሽ። በወዲያኛው ጠርዝም እንደዚሁ በሁለት ሌንስ ወደ ፋይበር ትመልሺዋለሽ። የአራቱም ሌንሶች የትኩረት ርቀት 11 ሚሊሜትር ነው። ቺፑን የሠሩልሽ ሰዎች ጠርዙ ላይ የሞዱ (የሚቀበለው የብርሃን ነጠብጣብ) ስፋት በአግድም 2.6፣ በቁመት 2.0 ማይክሮን ነው ብለውሻል። 1 ሚሊዋት ታስገቢያለሽ፣ የሚወጣው 3 ማይክሮዋት ነው። ጥያቄሽ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "ውድ ሌንስ ልግዛ ወይስ የተሻለ ስቴጅ?" ስቴጅ ማለት ሌንሱን በማይክሮን ልክ የሚያንቀሳቅሰው መድረክ ነው።

ለጊዜው ሁለቱንም አትግዢ። ብሩ ይቆይ።

ከ1 ሚሊዋት ወደ 3 ማይክሮዋት ወረደ ማለት 25 ዲቢ (ዴሲቤል፤ በየ10 ዲቢው ኃይሉ አስር እጥፍ ይቀንሳል) ጠፋ ማለት ነው። ይሄ ትልቅ ቁጥር ነው። ትልቅነቱ ግን ጥሩ ነገር አለው፤ እንዲህ ያለ ኪሳራ ከአንድ ቦታ ብቻ ስለማይመጣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ መድፈን ይቻላል። ስለዚህ እንደ ገንዘብ ያዥ ቁጭ ብለን ሒሳቡን እናወራርድ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስለ ሌንስ ከልጅነቱ ይዞት በመጣው ሐሳብ ነው። ሁላችንም በአጉሊ መነጽር የፀሐይ ብርሃን ሰብስበን ወረቀት አቃጥለናል። ከዚያ በኋላ ሌንስ ማለት ብርሃን ሰብሳቢ ሆኖ ጭንቅላታችን ውስጥ ይቀራል። ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን የሚገባ ይመስለናል። ሲንግል ሞድ ዌቭጋይድ (ቺፑ ላይ ብርሃኑ የሚሄድበት ቀጭን መስመር) ግን የሚቀበለው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። ያ ቅርጽ ሞዱ ነው፤ መሐሉ ላይ ደምቆ ወደ ዳር እየደበዘዘ የሚሄድ ነጠብጣብ። የምታሳርፊው ነጥብ ከሞዱ ከሰፋ ትርፉ ይባክናል። ከሞዱ ካነሰም ይባክናል፤ ምክንያቱም ያነሰ ነጥብ ማለት በሰፊ አንግል የሚገባ ብርሃን ማለት ነው፣ ዌቭጋይዱ ደግሞ ያንን አንግል አይዘውም። እንደ ቁልፍ አስቢው፤ ወፍራሙም ቀጭኑም አይከፍትም።

አሁን ወደ አንቺ ቁጥር እንምጣ። ተራው ፋይበር ውስጥ ኮሩ (መሐለኛው የብርጭቆ ክፍል) 8.2 ማይክሮን ነው። ብርሃኑ ግን ከኮሩ ትንሽ ተርፎ ነው የሚሄደው። በ1550 ናኖሜትር የሞዱ ዲያሜትር 10.4 ማይክሮን ያህል ነው። ሒሳብ ስትሠሪ ይሄን ውሰጂ፣ የኮሩን አትውሰጂ። ሁለቱ ሌንሶችሽ እኩል 11 ሚሊሜትር ስለሆኑ ፋይበሩ ጫፍ ላይ ያለው ነጠብጣብ ቺፑ ላይ በዚያው ልክ ነው የሚታተመው። ማለትም 10.4 ማይክሮን የሆነ ነጥብ 2.6 በ2.0 በሆነች በር ላይ እያሳረፍሽ ነው።

ምን ያህል እንደሚገባ ለማስላት ኮምፒውተር አያስፈልግም። ሁለቱን ራዲየሶች አባዢ፣ በ2 አባዢ፣ ከዚያ ለካሬዎቻቸው ድምር አካፍዪው። ይህን አንዴ ለአግድሙ፣ አንዴ ለቁመቱ ሠርተሽ ውጤቶቹን እርስ በርስ አባዢ። ባንቺ ቁጥር አግድሙ 0.47፣ ቁመቱ 0.37 ይመጣል። ሲባዙ 0.175። ስቴጅሽ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ሌንስሽ የፈለገውን ያህል ቢወደድ፣ ማስተካከልሽ እንከን ባይኖረው እንኳ ከ17.5 በመቶ በላይ አይገባም። ይሄ 7.6 ዲቢ ነው። በመውጫው በኩልም ያው ነው። ድምሩ 15.2 ዲቢ።

እንግዲህ ከ25ቱ 15ቱ እዚህ ጋ ተገኘ። የሌንሱ ጥራት ጥፋት አይደለም፤ ምርጫው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሁለቱ ሌንሶች የትኩረት ርቀት ንጽጽር ከሁለቱ ሞዶች ስፋት ንጽጽር ጋር እኩል ይሁን። 10.4 ለ2.6 ሲካፈል 4 ነው። ስለዚህ በፋይበሩ በኩል ያሉትን 11 ሚሊሜትር ሌንሶች አትንኪያቸው፣ በቺፑ በኩል ያሉትን ሁለቱን በ2.75 ሚሊሜትር ቀይሪያቸው። ነጥቡ 2.6 ማይክሮን ይሆናል። አግድሙ ሙሉ በሙሉ ይገጥማል፣ ቁመቱ 0.966 ይሰጥሻል። ከ7.6 ዲቢ ወደ 0.15 ዲቢ! በሁለት ሌንስ ብቻ፣ በሁለቱም ጠርዝ ተደምሮ ወደ 15 ዲቢ የሚጠጋ ታስመልሻለሽ። ነጥቡን በሁለቱ ልኬቶች መካከል፣ 2.3 ማይክሮን አካባቢ ብታደርጊው ሌላ 0.07 ዲቢ ታተርፊ ነበር። ለሱ ብለሽ ግን ልዩ ሌንስ አታሠሪ፤ አቧራ ብቻውን ከዚያ በላይ ይወስድብሻል።

ሌንስ ስትመርጪ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው የፋይበሩን ኒውመሪካል አፐርቸር (ብርሃኑ የሚገባበትንና የሚወጣበትን አንግል የሚገልጸውን ቁጥር)፣ 0.14 የሚለውን፣ ከካታሎግ ያይና ከሱ ጋር የሚመሳሰል ሌንስ ይፈልጋል። ያ 0.14 የሚለካው የብርሃኑ ጥንካሬ ወደ 1 በመቶ በወረደበት አንግል ላይ ነው። ሞድ ስናሰላ የምንጠቀምበት ጥንካሬው ወደ 13.5 በመቶ የሚወርድበት አንግል ደግሞ 0.095 አካባቢ ነው። ሁለቱን ቀላቅለሽ ካሰላሽ ስፋቱ ሁሉ ይዛባብሻል። የትኩረት ርቀቱን በሞድ ስፋት ምረጪ። ኒውመሪካል አፐርቸሩ የሚያገለግልሽ ሌንሱ ብርሃኑን ዳር ዳሩን እንዳይቆርጠው ለማረጋገጥ ነው።

ስለ መቆረጡ ካነሳን፦ ከ11 ሚሊሜትሩ ሌንስ የሚወጣው ጨረር ራዲየሱ 1.04 ሚሊሜትር ነው። የሌንሱ ክፍት ቦታ ራዲየስ ከጨረሩ ራዲየስ ጋር እኩል ከሆነ 13.5 በመቶ ይቆረጣል። አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ 1 በመቶ ብቻ። ሁለት እጥፍ ከሆነ ምንም አይባልም። መግቢያው ላይ ችግር አይኖርብሽም። መውጫው ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ከቺፑ የሚወጣው ብርሃን በቁመቱ ጠባብ ስለሆነ በቁመቱ ይበልጥ ይበተናል፣ 2.75 ሚሊሜትሩ ሌንስ ጋ ሲደርስ ራዲየሱ 1.36 ሚሊሜትር ሆኖ ነው። ስለዚህ ኒውመሪካል አፐርቸሩ 0.6 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሌንስ ውሰጂ።

ሌላው የሌንስ ነገር ቶሎ ቶሎ ይለፍ። አስፌሪክ (ፊቱ ከኳስ ቅርጽ የተለየ) ይሁን፤ ኳስ ሌንስ ርካሽ ነው ግን በዚህ አንግል ብርሃኑን አንድ ቦታ አያሳርፍልሽም። ይበልጥ የጎበጠው ፊቱ ቀጥ ወዳለው ጨረር ይዙር፤ ተገልብጦ የተገጠመ ሌንስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዳንድ አስፌሪኮች ለሌዘር ዳዮድ ስለሚሠሩ የዳዮዱን የመስታወት መስኮት ታሳቢ አድርገው ነው የተነደፉት፤ አንቺ ጋ መስኮት የለም፣ ስለዚህ መረጃ ወረቀቱን ሳታነቢ አትዘዢ። ኮቲንጉም (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ቅብ) ለ1550 መሆኑን አረጋግጪ። ኮቲንግ የሌለው ሌንስ በአንድ ፊት 4 በመቶ ያህል ያንጸባርቃል። አራት ሌንስ ስምንት ፊት ነው፣ ተደምሮ 1.4 ዲቢ። ለሚታይ ብርሃን የተቀባ ሌንስ በ1550 ላይ ጭራሽ ካልተቀባው ሊብስ ይችላል። በዓይን ብቻ አይለይም፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ኮድ እዪ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር ደግሞ የቺፑ ጠርዝ ነጸብራቅ ነው። "ሲልከን 30 በመቶ ያንጸባርቃል ይባላል፣ እኔስ?" ይላሉ። እውነት ነው፣ የተቆረጠ ሲልከን ፊት ለፊት ከአየር ጋር ሲገናኝ 30 በመቶ ይመልሳል፣ 1.6 ዲቢ ነው። አንቺ ጋ ግን ዌቭጋይዱ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ እየጠበበ ነው የሚሄደው። ሲጠብ ብርሃኑን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፣ ብርሃኑም በዙሪያው ወዳለው ብርጭቆ ይሰፋል። ሞድሽ 2.6 ማይክሮን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሐሳብ በ2002 የጃፓኑ ኤንቲቲ፣ በ2003 ደግሞ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚካል ሊፕሰን ቡድን ለሲልከን አሳይተውት ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ነገር ነው፣ መስመሩን በማጥበብ ብርሃኑን ማስፋት። ያንቺ ጠርዝ ላይ ብርሃኑ የሚያየው በአብዛኛው ብርጭቆውን ስለሆነ ነጸብራቁም የብርጭቆ ያህል ነው፣ 4 በመቶ አካባቢ፣ ከ0.2 ዲቢ በታች። እዚህ ጋ ብዙ አታልቅሺ።

ያም ሆኖ ይቺ 4 በመቶ ሌላ ጣጣ አላት። የቺፑ ሁለት ጠርዞች እንደ ሁለት ደካማ መስታወት ሆነው ብርሃኑን በመሐላቸው ያመላልሱታል። የሞገድ ርዝመቱን ትንሽ ስታንቀሳቅሺ የሚወጣው ኃይል ወጣ ገባ ይላል። በ1 ሳንቲሜትር ቺፕ ከአንዱ ከፍታ እስከ ቀጣዩ ከፍታ ያለው ልዩነት 60 ፒኮሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታና ዝቅታው ደግሞ እስከ 0.7 ዲቢ ሊራራቅ ይችላል። ላቡ ትንሽ ሲሞቅ ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። አንቺ ስቴጁ የተንቀሳቀሰ መስሎሽ ትነካኪያለሽ። አትነካኪ! ሌዘሩን በ200 ፒኮሜትር ወዲያና ወዲህ አዙረሽ አማካዩን ውሰጂ።

የቀረው 10 ዲቢ ነው። ይሄኛው በወረቀት አይገኝም፣ ጠረጴዛው ላይ መለካት አለበት።

በመጀመሪያ ቺፑን አውጪው። ትንንሾቹን ሌንሶችም አውጪ። ሁለቱን 11 ሚሊሜትር ሌንሶች ከነፋይበራቸው ፊት ለፊት አድርገሽ ከፋይበር ወደ ፋይበር ምን ያህል እንደሚያልፍ ለኪ። እኔ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ካላየሁ ወደ ቺፕ አልሄድም። ከዚያ በታች ከሆነ ችግሩ ከቺፑ በፊት ነው፤ ቺፑን ስታሰቃዪው ብትውዪ ለውጥ የለም።

እዚህ ጋ በጣም ብዙ ጊዜ የማየው ችግር አረንጓዴው ኮኔክተር ነው፣ ጫፉ በ8 ዲግሪ የተቆረጠው። ነጸብራቅ ወደ ሌዘሩ እንዳይመለስ ስለሚያደርግ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። ነገር ግን ብርሃኑ ከዚያ ጫፍ ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ 3.6 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። 11 ሚሊሜትር ርቆ ያለው ሌንስ ጋ ሲደርስ ከመሐሉ 0.7 ሚሊሜትር ስቷል። ሌንሱ አሁንም ቀጥ ያደርገዋል፣ ጨረሩም ያምራል፣ የማይታየውን ብርሃን በሚያሳየው ካርድ ላይ ክብ ሆኖ ይታያል። ግን ዳር ላይ ነው ያለፈው፤ ቀጣዩ ሌንስም በዳሩ ይቀበለዋል፣ በዚያ ላይ ዳር ዳሩ ይቆረጣል። መፍትሔው ፋይበሩን ራሱን በመያዣው ውስጥ በዚያው አንግል አዘንብሎ ብርሃኑ በሌንሱ መሐል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የተዘጋጁ አንግላማ መያዣዎች አሉ። ካጣሽ ቀጭን ማዘንበያ ሠርተሽ ከሥሩ አስገቢበት።

ቀጥሎ ፖላራይዜሽን። በተራ ፋይበር ውስጥ ብርሃኑ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ፋይበሩ በታጠፈ ቁጥር ይዞራል። ዌቭጋይድሽ ደግሞ ምናልባት አንዱን አቅጣጫ ብቻ ነው በደንብ የሚይዘው፣ በተለይ የናይትራይዱ ንብርብር ቀጭን ከሆነ። የተሳሳተው አቅጣጫ ከገባ አምስትም አስርም ዲቢ በቀላሉ ይጠፋል፣ አንቺም ሌንሱን ትወቅሻለሽ። ባለ ሦስት ክንፍ መቆጣጠሪያውን ፋይበሩ ላይ ግጠሚና ኃይሉ ከፍ እስኪል አዙሪው። በሌንስ መሥራት አንዱ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፤ በሁለቱ ሌንሶች መሐል አየር ስላለ ፖላራይዘር (አንዱን አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ሰክተሽ የሚገባውን በትክክል ታውቂዋለሽ። ካስተካከልሽ በኋላ ፋይበሩን በቴፕ ጠረጴዛው ላይ አጣብቂው። እጅጌሽ ነክቶት ሲያልፍ ብቻ ቁጥሩ ሲወርድ ታያለሽ።

ሦስተኛ፣ ቺፑ ውስጥ በመንገድ የሚጠፋ ብርሃን አለ። ይሄ የማስገቢያ ኪሳራ ስላልሆነ ከሌንሱ ሒሳብ ላይ አትጻፊው። ቺፑ ላይ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዌቭጋይዶች ካሉ ሁሉንም በተመሳሳይ ሁኔታ ለኪና ኪሳራውን በዲቢ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ አውጪው። መስመሩ የሚያዘቀዝቅበት ልክ የመንገዱ ኪሳራ ነው። ርዝመቱ ዜሮ ላይ ሲደርስ የሚቀረው የሁለቱ ጠርዝ ኪሳራ ነው። ይህን ሳይለዩ "ካፕሊንጌ (ብርሃን ማስገባቴ) መጥፎ ነው" ማለት በግምት መጨቃጨቅ ነው።

አሁን ወደ ማስተካከሉ እንግባ። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነጥቡን ከ10.4 ወደ 2.6 ስታሳንሺው ያገኘሽው ትርፍ ዋጋ አለው። ነጥቡ ሲያንስ እጅሽ ይበልጥ መረጋጋት አለበት።

በ10.4 ማይክሮን ነጥብ ሁለት እኩል ሞዶች በ1 ማይክሮን ቢሳሳቱ የሚጠፋው 0.16 ዲቢ ነው፣ አይታወቅም። በ2.6 ማይክሮን ነጥብ ግማሽ ማይክሮን ስትስቺ 0.64 ዲቢ፣ 1 ማይክሮን ስትስቺ 2.6 ዲቢ፣ 2 ማይክሮን ስትስቺ 10 ዲቢ ይጠፋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላም እንደዚሁ ነው፤ ከትኩረቱ ቦታ 3 ማይክሮን ብትርቂ 0.8 ዲቢ፣ 10 ማይክሮን ብትርቂ 5 ዲቢ። ለአንግል ግን ትንሹ ነጥብ ቻይ ነው። በ2.6 ማይክሮን ነጥብ 1 ዲግሪ መዛነፍ ከምንም አይቆጠርም፣ ፋይበሩ በኩል ግን 0.15 ዲቢ ያህል ይወስዳል። ማለትም ቺፑ ጋ ስለ ቦታ ተጨነቂ፣ ፋይበሩ ጋ ስለ አንግል ተጨነቂ።

በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው ነገር ደግሞ ሰው የሚንቀው ነው። እዚያ ጨረሩ ሰፊ ስለሆነ ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ጎን ቢሄድ እንኳ የሚጠፋው 1 ዲቢ ያህል ነው። ቢያዘነብል ግን ወዮ። ጨረሩ በ0.01 ዲግሪ ሲያዘነብል በ2.75 ሚሊሜትር ሌንስ ውስጥ አልፎ ቺፑ ላይ ግማሽ ማይክሮን ይንሸራተታል። ስለዚህ የፋይበሩ ሌንስ መያዣ ጠንካራ ይሁን። ረጅም ቀጭን ምሰሶ ላይ አትስቀዪው። ወፍራምና አጭር ምሰሶ ተጠቀሚ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የፋይበሩን በኩል ጨርሺ፤ ጨረሩ ቅርብም ሩቅም ላይ ስፋቱ እስኪመሳሰል ድረስ ሌንሱን አስተካክዪ፣ ከዚያ ቆልፊውና ተመልሰሽ አትንኪው። ከዚያ ትንሹን ሌንስ አስገቢ። ቺፑን በማይክሮስኮፕ ከላይ እያየሽ ሌንሱን አቅርቢ። በመውጫው በኩል ፋይበሩን ገና አታስገቢ፤ የኢንጋስ ካሜራ (1550ን የሚያይ የኢንፍራሬድ ካሜራ) አድርጊና የቺፑን ጠርዝ እዪ። ተራው የሲልከን ካሜራ 1550ን አያይም፣ በሱ ጊዜሽን አታጥፊ። በቀይ ሌዘር ግምታዊ ቦታውን መያዝ ትችያለሽ፣ ናይትራይድ ቀዩን ስለሚያሳልፍ መስመሩ ሲበራ ከላይ ይታያል፣ ደስ ይላል። ግን ወደ 1550 ስትመለሺ የሌንሱ ትኩረት በአስር ማይክሮኖች የሚቆጠር ርቀት ይቀየራል። በቀይ ያገኘሽውን ርቀት እንዳለ አትመኚው።

ካሜራው ላይ የምታዪውን ደግሞ በጥንቃቄ ተርጉሚ። መጀመሪያ የሚመጣልሽ ሰፋ ያለ፣ በአግድም የተዘረጋ ጭረት ነው። ዌቭጋይዱን ስቶ በብርጭቆው ወይም በታችኛው ሲልከን ውስጥ የሄደ ብርሃን ነው። ፓወር ሜትር ብቻ ይዞ የሚሠራ ሰው ይሄን ብርሃን "አገኘሁ!" ብሎ ያሳድደዋል፣ ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ በላይ አልሄድ ይለዋል። ሐሰተኛ ኮረብታ ላይ ነው የወጣው። እውነተኛው ሞድ ትንሽ፣ ጥርት ያለ፣ ሌንሱን ስታንቀሳቅሺ ቦታውን የማይለቅ ነጥብ ነው። ድምቀቱ ይጨምራል ይቀንሳል እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጭረቱ ግን ሌንሱን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ነው የምትለያቸው። ነጥቡን ካገኘሽ በኋላ የምስሉ ቦታ ላይ ትንሽ አይሪስ (ቀዳዳው የሚጠብና የሚሰፋ መጋረጃ) አስቀምጠሽ ዙሪያውን ዝጊ፣ ከዚያ በኋላ የምትለኪው የዌቭጋይዱን ብርሃን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀስሽ ኃይሉን ከፍ አድርጊው። ትኩረቱን 2 ማይክሮን ወደ ፊት ግፊ። እንደገና ወደ ጎንና ወደ ላይ። ወደ ፊት መግፋቱ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ጎን ይዞሽ ይሄዳል፣ የትኛውም ስቴጅ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ትኩረቱን አንቀሳቅሰሽ ኃይሉ ቢወርድ "ተሳሳትኩ" ብለሽ ወዲያው አትመለሺ፤ ጎኑን ካስተካከልሽ በኋላ ነው የምታወዳድሪው። ብዙ ሰው ከትክክለኛው ቦታ 10 ማይክሮን ርቆ የሚቀረው ይህን ስለማያደርግ ነው።

ስቴጁን በተመለከተ፣ ያንቺ ተራው በእጅ የሚዞር ከሆነ እስከ ግማሽ ማይክሮን ድረስ በትዕግሥት ያደርስሻል። ከዚያ በታች ፒዬዞ (በቮልቴጅ በጥቂት በጥቂቱ የሚንቀሳቀስ ስቴጅ) ያስፈልጋል። መጀመሪያ ግን ሌንሶቹን ቀይሪና እዪው፤ ምናልባት ላያስፈልግሽ ይችላል።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ቺፕ በሌንስ አስተካክዬ፣ ለረጅም ልኬት እንዲመች ትንሹን ሌንስ በዩቪ ማጣበቂያ ለማጣበቅ ወሰንኩ። ቁጥሩ ያምር ነበር፣ በአንድ ጠርዝ 1.3 ዲቢ። ማታ ስለነበር ቶሎ ልጨርስ ብዬ ብዙ ማጣበቂያ በአንድ ጎን አድርጌ መብራቱን አበራሁበት። እያየሁት ቁጥሩ ወረደ። ማጣበቂያ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ደግሞ ሌንሱን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ጠዋት ስመጣ 3 ዲቢ ተጨማሪ ጠፍቶ ጠበቀኝ፣ ያ ቺፕ ደግሞ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ማጣበቂያውን በሁለቱም ጎን እኩል፣ በጣም በትንሹ፣ ሌንሱን በሚነካው ቀጭን ንብርብር ብቻ አደርጋለሁ። መብራቱን ጥቂት ሰከንድ ብቻ አበራና ቁጥሩን አያለሁ፣ ካልተንቀሳቀሰ እቀጥላለሁ። አንቺም እስካሁን ካላጣበቅሽ ለጊዜው አታጣብቂ።

ስለ አቧራም እንዲሁ። የፋይበሩን ጫፍ ሁልጊዜ በመመልከቻው እዪው። ኮሩ ላይ ያረፈች አንዲት ቅንጣት ለሰዓታት የደከምሽበትን ማስተካከል ዋጋ ታሳጣዋለች። ፓወር ሜትሩም 1550 ላይ መስተካከሉን እዪ፣ ሌላ የሞገድ ርዝመት ላይ ከተቀመጠ የሚያሳይሽ ቁጥር ራሱ ስህተት ነው።

"ሌንሱን ትቼ ሌላ ነገር ብጠቀምስ?" ብለሽም ጠይቀሻል። በመሐል ፖላራይዘር፣ ፊልተር ወይም ሌላ ነገር የማታስገቢ ከሆነ አዎ፣ አስቢበት። ጫፉ ራሱ ሌንስ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ፋይበር አለ፣ ነጥቡ 2.5 ማይክሮን የሆነ ታገኛለሽ። አራት ሌንስ፣ ስምንት ፊት፣ አራት መያዣ ይቀርልሻል። ጉዳቱ ጫፉ ቺፑን ለመንካት ማይክሮኖች ነው የሚቀሩት፤ አንዴ ከነካ ጫፉ ይሰበራል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሌላው መንገድ ትንሽ ሞድ ያለው፣ ኒውመሪካል አፐርቸሩ ከፍ ያለ ፋይበር ከተራው ጋር በሙቀት ማጣመር ነው። ሞዱ ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ይሆናል፣ ማጣመሪያው በደንብ ከተሞቀ ኪሳራው ጥቂት አስረኛ ዲቢ ነው፣ ቺፑ ላይ ጠጋ አድርገሽ ልታጣብቂውም ትችያለሽ። ለዘለቄታው የሚቀመጥ ነገር ከሆነ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ለምርምር፣ ቺፕ በየቀኑ ለምትቀይሪበት ሥራ ግን ሌንሱ ይሻላል። ጫፍ አይሰበርም፣ ካሜራ ማስገባት ይቻላል፣ ምን እንደምታደርጊ ታዪዋለሽ።

ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብሽም ልንገርሽ። ሌንሶቹን ከቀየርሽ፣ ፋይበሩን በአንግሉ ካስተካከልሽ፣ ፖላራይዜሽኑን ካገኘሽ፣ በእጅ በሚዞር ስቴጅ በአንድ ጠርዝ ከ1.5 እስከ 2 ዲቢ መድረስ አለብሽ ብዬ አስባለሁ። ያኔ ከ1 ሚሊዋት የሚወጣው፣ የመንገዱን ኪሳራ ሳንቆጥር፣ ከ400 እስከ 500 ማይክሮዋት ነው። ከ3 ማይክሮዋት ተነስተሽ።

ነገ ቺፑን አውጥተሽ ሁለቱን 11 ሚሊሜትር ሌንሶች ፊት ለፊት አድርጊና የምታገኚውን ቁጥር ጻፊልኝ። ኮኔክተሮቹ አረንጓዴ ይሁኑ ሰማያዊ (ጫፋቸው ያልተዘነበለው) እሱንም ንገሪኝ።